መቅዳትና ማታለል፤ ሐሰተኛ ዕቃና የሠሪው መብት በአራዳና በፒያሳ ታሪክ

በአማርኛ «ቀዳ» የሚለው ግሥ ከሁሉ አስቀድሞ ውሃን ከምንጭ ወይም ከጋን መውሰድን ያመለክታል። ይኸው ግሥ ጸሓፊው ከአንዱ ብራና ወደ ሌላው የሚያሻግረውን ቃል፣ በኋላም ዘመን የድምፅ መቅረጫው የሚይዘውን ዘፈን ለመግለጽ አገልግሏል፤ «ቅጂ» የሚለው ስም የወጣውም ከዚሁ ነው። ከምንጭ የሚቀዳ ሰው ምንጩን አያጎድልም፤ ስለዚህም በቃሉ ውስጥ የነቀፋ ሽታ የለም። በአንጻሩ «ሐሰተኛ» የተባለ ዕቃ፣ ወይም በቅርቡ የከተማ አነጋገር «ፎርጅድ» የሚባለው፣ ተቀባዩን የሚያታልል ስለ ሆነ ስሙ ራሱ ክስ ነው። በዛሬው ሕግ ሁለቱ ቃላት በአንድ ርእስ ሥር ተጠቃለው ይገኛሉ። በአዲስ አበባ አሮጌ ገበያ፣ በአራዳና በፒያሳ፣ የነበረው የአንድ ምዕተ ዓመት ልምድ ሲመረመር ግን፣ ሕዝቡ ሁለቱን ለይቶ ያውቅ እንደ ነበረ፣ ለአንደኛው እጅግ ጥብቅ ዳኛ፣ ለሁለተኛው ደግሞ እጅግ ቸር እንደ ነበረ ይታያል። የዚህ ልዩነት ምክንያት በገበያው ውስጥ የተጎጂው መገኘትና አለመገኘት ነው።

የአራዳ ገበያ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የከተማይቱ ዋና መገበያያ ነበር። የነጋዴውን ጉዳይ የሚያየው፣ ቀረጡንም የሚሰበስበው ነጋድራሱ ነበር። ገበያው በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ወደ መርካቶ እንዲዛወር ቢደረግም፣ ስፍራው «ፒያሳ» የሚለውን የኢጣሊያንኛ ስም ይዞ የሱቅ፣ የወርቅ ቤትና የመዝናኛ መንደር ሆኖ ቀጠለ። «አራዳ» የሚለው ስም በከተማው ልጆች አፍ ወደ ቅጽልነት ተለውጦ በቀላሉ የማይታለለውን፣ ነገር ቶሎ የሚገባውን ሰው መጥሪያ መሆኑም የአጋጣሚ ነገር አይመስልም። ገበያው ዓይንን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ነበርና።

የዚህ ትምህርት ዋና መጽሐፍ ጠገራ ብር ነበር። የማሪያ ቴሬዛ ብር የኦስትሪያዋ ንግሥት እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞተች በኋላ ዓመቱ ሳይለወጥ ሲታተም የኖረ ገንዘብ ነው። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት፣ የብሩ ንጥርነት ከሺህ 833 ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1858 ጀምሮ በራሷ በኦስትሪያ ሕጋዊ መገበያያ መሆኑ ቀርቶ፣ ለቀይ ባሕር ዙሪያ አገሮች ንግድ ብቻ የሚታተም ሸቀጥ ሆኗል። እንግዲህ አራዳ ላይ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ የነበረው ብር ከሞላ ጎደል ሁሉም የሞተች ንግሥት መልክና ያለፈ ዓመት የተሸከመ ቅጂ ነበር ማለት ነው። የሕግ ሰው ይህን ሲሰማ ግራ ይጋባ ይሆናል፤ ነጋዴው ግን ግራ አልተጋባም። ብሩን ሲቀበል በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን የጌጥ ዕንቍ ይቈጥራል፤ በዘውዷ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ያያል፤ ከምስሉ ግርጌ ያሉት ሁለት የላቲን ፊደላት መኖራቸውን ያረጋግጣል፤ ከዚያም በድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ያዳምጣል። ዕንቍው የደበዘዘ ወይም ጠርዙ የተላገ ከሆነ ይመልሰዋል፤ ወይም ዋጋውን ይቀንሳል። በአሞሌ ጨው ላይም የነበረው ልማድ ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ ጫፉ የተሸረፈ አሞሌ በሙሉ ዋጋው አይሄድም ነበር።

የዚህ ጥንቃቄ ውጤት በሦስት ሙከራዎች በግልጽ ይታያል። የመጀመሪያው የኢጣሊያ ነው። በኤርትራ ቅኝ ግዛቷ እ.ኤ.አ. ከ1890 ጀምሮ የንጉሥ ኡምቤርቶን መልክ የያዘ ብር አውጥታ ነበር፤ በ1918 ደግሞ ማሪያ ቴሬዛን በሚመስል የሴት ምስል፣ ክብደቱና ንጥርነቱ ከእርሷ የማያንስ ሌላ ብር አሳተመች። ሁለቱም በገበያው ተቀባይነት አላገኙም። ሁለተኛው የራሱ የዳግማዊ ምኒልክ ነው። በፓሪስ የታተመውና 1887 ዓ.ም. የሚል ዓመት የተጻፈበት የምኒልክ ብር፣ የአገሩ ንጉሠ ነገሥት ገንዘብ ሆኖ ሳለ፣ ከከተማው በወጣ ቍጥር እምነቱ እየሳሳ ሄደ። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክም ይህን ልማድ ሊሽረው አልቻለም። ሦስተኛው ከሁሉ ያስደንቃል። የኢጣሊያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1935 ለወረራው ሲሰናዳ፣ የማሪያ ቴሬዛን የማተሚያ ቅርጽ ከነብቸኝነት መብቱ ከኦስትሪያ ወስዶ በሮም ማተም ጀመረ። ወዲያው የፓሪስ፣ በ1936 ደግሞ የለንደን ማተሚያዎች፣ የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቁ ያንኑ ብር አተሙ፤ ብራስልስና ቦምቤይም ተከተሉ። በአውሮፓ ይህ ስለ መብት ክርክርን የሚያስነሣ ጉዳይ ነበር። በአራዳ ግን የሮሙም፣ የለንደኑም፣ የቪየናውም እኩል ብር ነው፤ ዕንቍው ሙሉ፣ ድምፁም ጥሩ ነበርና።

ከዚህ የሚገኘው መደምደሚያ ቀላል ቢመስልም ክብደት አለው። ሕጋዊ አሳታሚ ያለው የኡምቤርቶ ብር ተጣለ፤ ያለ ባለቤቷ ፈቃድ የታተመችው ማሪያ ቴሬዛ ተወደደች። የአንድ ዕቃ እውነተኛነት የሚመዘነው ማን የመሥራት መብት ነበረው በሚል ጥያቄ ሳይሆን፣ የያዘው ነገር ስሙን ያህላል ወይ በሚል ነበር። ከርካሽ ማዕድን የተሠራ ብር ሐሰተኛ ነው፤ ምክንያቱም የሚቀበለው ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ይጎዳል፤ ይጮኻል፤ ወደ ዳኛም ይሄዳል። የቪየና ማተሚያ ቤት ግን በአራዳ ገበያ አልቆመም። ፍትሐ ነገሥቱም ስለ መሸጥና ስለ መግዛት ሲናገር የሚጨነቀው የሸቀጡ ጉድለት ተሸሽጎ ገዢው እንዳይበደል ነው፤ የዕቃው አምሳል ባለቤት ስለሚባል ሰው ግን የሚለው የለም።

የመጽሐፍ ነገር ከገንዘብ ልዩ ቢሆንም ወደዚሁ ያደርሳል። በጊዮርጊስ ደብር ዙሪያም ሆነ በገዳማት ቁም ጸሓፊ ዳዊት ወይም ተአምረ ማርያም ሲገለብጥ የሚያገኘው ምስጋናና ደመወዝ እንጂ ወቀሳ አልነበረም። ያስጻፈው ሰው ስሙ በመጽሐፉ መጨረሻ ይታወሳል፤ የደራሲው ስም ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። በመጽሐፉ ላይ የሚጻፈው ውግዘት የሰረቀውንና የፋቀውን ሰው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ያስራል። ልብ ሊባል የሚገባው የቀዳውን ሰው አለማሰሩ ነው። ብራናውን መስረቅ ባለቤቱን ያሳጣል፤ ቃሉን መፋቅ ትዝታን ያጠፋል፤ መቅዳት ግን ቃሉን ያበዛል።

ይህ ማለት ግን በቤተ ክህነት ትምህርት ውስጥ የደራሲነት ክብር አይታወቅም ማለት አይደለም፤ አንዳንድ የውጭ አገር ሊቃውንት ብራናውን ብቻ አይተው እንዲህ ያለ አሳብ መስጠታቸው ከቅኔ ቤት ደጃፍ ስላልደረሱ ነው። ባለቅኔው ለዕለቱ በዓል አዲስ ቅኔ እንዲቀኝ ይጠበቃል፤ የሌላውን ቅኔ እንደ ራሱ አድርጎ ያቀረበ ተማሪ በጓደኞቹ ፊት ያፍራል፤ መምህሩም ቶሎ ያውቅበታል። እዚህ ላይ የሠሪው መብት በሙሉ ክብሩ ይገኛል። የሚጠበቀው ግን ስም ነው፤ ገንዘብ አይደለም። ደግሞም ባለቤቱ ወይም መምህሩ በማኅበሩ መካከል ስላለ፣ የተሰረቀው ሰው ቢያንስ በሚያውቁት ጆሮዎች አማካይነት በስፍራው ተገኝቷል። በአዝማሪ ቤት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አድማጩ «ተቀበል» ብሎ ግጥሙን ይሰጣል፤ አዝማሪው በማሲንቆው አሳምሮ ይመልሰዋል፤ በማግሥቱ ያው ግጥም በሌላ ቤት፣ በሌላ አፍ ይሰማል። የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም፤ ሽልማቱ የሚሰጠው ለግጥሙ ሳይሆን በዚያች ሌሊት ለዘፈነው ሰው ነው።

ይህ ሥርዓት የቆመው ድምፅ ከዘፋኙ ሊለይ ስለማይችል ነበር። መለየት የጀመረው ተሰማ እሸቴ፣ በኋላ ነጋድራስ የተባሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ወደ ጀርመን በሄዱ ጊዜ ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹ ወዲህ ነው። ከዚያ በኋላ ዘፋኙ በሌለበት ዘፈኑ ሊሸጥ ቻለ። መንግሥት ይህን አዲስ ነገር የተቀበለው ግን እንደ ሠሪው ሀብት ሳይሆን ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ሥራ ነው። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተውና በፒያሳ ቴያትር ቤቱ የሚታወቀው የአገር ፍቅር ማኅበር፣ እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ብቸኛ መብት ተሰጠው። መብቱ ለዘፋኙም ለግጥም ደራሲውም አልነበረም፤ ለማኅበሩ ነበር።

ይህን ብቸኝነት የሰበረው በሕግ ማሻሻያ ሳይሆን በድፍረት ነው። ወጣቱ የሙዚቃ ነጋዴ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በራሱ ስም አሳታሚ ድርጅት መሥርቶ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን በሸክላ አወጣ። ማተሚያ በአገር ውስጥ ስላልነበረው ሥራውን ወደ ሕንድ፣ ቈይቶም ወደ ሊባኖስ ላከ። ትእዛዙ ገና አልተሻረም ነበርና፣ በጽሑፍ ሕግ ዓይን የአምሃ ሸክላዎች ያለ ፈቃድ የታተሙ ነበሩ። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችንና ጥቂት ትላልቅ ሸክላዎችን አውጥቶ ከአገር ወጣ፤ በ2021 ዐርፏል። ዛሬ የዘመናዊው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን የሚባለው ክፍል በአብዛኛው ተጠብቆ የተገኘው ከእርሱና ዓሊ አብደላ ካይፋን ከመሳሰሉት አሳታሚዎች ሥራ ነው። «ሕገ ወጥ» የሚለው ቃል ምን ያህል ጊዜን የሚከተል እንደ ሆነ ከዚህ የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል።

ሸክላው አስመጪና መርከብ ይፈልግ ነበር፤ ካሴት ግን ሁለት መቅረጫና አንድ የኤሌክትሪክ መስመር ብቻ ይበቃዋል። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊው የምሽት ቤቶችን ስላከሰመ፣ ሙዚቃ ከመድረክ ወደ ቤት ገባ፤ ከቤትም ወደ ታክሲና ወደ ሻይ ቤት ወጣ፤ የሚጓዘውም በካሴት ነበር። በፒያሳ «ሙዚቃ ቤት» የሚል ሰሌዳ ያላቸው ሱቆች በዙ፤ ድምፃዊው ማሕሙድ አሕመድ ራሱ በዚያው በፒያሳ የሙዚቃ ቤት ነበረው። አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ዘፋኙ ሥራውን ለሙዚቃ ቤቱ በአንድ ጊዜ ክፍያ ይሸጣል፤ የግጥምና የዜማ ደራሲዎችም ድርሻቸውን አንድ ጊዜ ይቀበላሉ፤ ሙዚቃ ቤቱ ደግሞ ወጪውን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለመመለስ ይሽቀዳደማል። ምክንያቱም ካሴቱ በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ግልባጩ በአዟሪዎች እጅ ይገኛል። ሽፋኑ የደበዘዘ፣ ድምፁም የሚያሽካካ ነው፤ ዋጋው ግን ከኦርጅናሉ ያንሳል። ባዶ ካሴትና የዘፈን ዝርዝር ይዞ የሚመጣ ደንበኛም አለ፤ ከአምስት ዘፋኞች የመረጠውን አስቀድቶ ይሄዳል።

እዚህ ላይ የጠገራ ብሩ ገበያተኛና የካሴቱ ገበያተኛ የሚለያዩበት ነጥብ ይገኛል። ሐሰተኛ ብር የተቀበለ ሰው ተታልሏል። ግልባጭ ካሴት የገዛ ሰው ግን ሽፋኑን አይቶ፣ ዋጋውን ተከራክሮ፣ ግልባጭ መሆኑን አውቆ ነው የገዛው። ሻጩም ገዢውም ረክተው ይለያያሉ። ተጎጂው ዘፋኙ ነው፤ እርሱ ግን በስፍራው የለም። ጉዳቱም የሚደርስበት ወዲያው አይደለም፤ ሙዚቃ ቤቱ ለሚቀጥለው ሥራ የሚሰጠው ክፍያ ሲቀንስ ነው የሚያውቀው። የአራዳ ዓይን በምዕተ ዓመቱ የሠለጠነው ፊት ለፊት ያለውን ሰው ከጉዳት ለመጠበቅ ስለ ነበረ፣ ይህን ጉዳት ሊያይ አልቻለም። በአንጻሩ መቅዳት ያዳነው ሥራ መኖሩም መዘንጋት የለበትም። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ከገበያ በተሰበሰበ ጊዜ፣ መጽሐፉ ከአንባቢ አእምሮ ሳይፋቅ የቈየው ከእጅ ወደ እጅ በስውር ስለ ተላለፈ ነው።

በከተማው አነጋገር ዛሬ የማያስተማምን ዕቃ «ቻይና ነው» መባሉ የታወቀ ነው። ስለ ቻይና በሚጻፈው የምሁራን ክርክር ውስጥም ለአራዳ ጉዳይ የሚጠቅም ነገር አለ። አሜሪካዊው የሕግ ሊቅ ዊልያም አልፎርድ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በቻይና ታሪክ የኅትመት ቍጥጥር ቢኖርም ይህ የደራሲን መብት ለማክበር የታሰበ እንዳልነበረ ያስረዳል። በ835 የታንግ ሥርወ መንግሥት የዘመን መቍጠሪያን በግል ማተም የከለከለበት ትእዛዝ ለዚህ ይጠቀሳል። ይህ ከ1948ቱ የአገር ፍቅር ብቸኝነት ጋር በመንፈስ ይዛመዳል፤ በሁለቱም ዘንድ ጥያቄው «ማን ደረሰው» ሳይሆን «ማን ፈቀደው» ነው። ሉ ሹን በ1919 ባወጣው አጭር ልብ ወለድ የሣለው ድኻ ሊቅም መጽሐፍ መስረቁን እንደ ሌብነት አይቈጥረውም። ከዚህ ተነሥተው ጉዳዩን በሙሉ በኮንፊሽየስ ትምህርትና በጥንት ባህል የሚተረጕሙ ጸሓፊዎች አሉ።

ይሁን እንጂ ባህል ብቻውን ይህን ያህል ሸክም አይችልም። ቻይና የንግድ ምልክት ሕግን በ1982፣ የፓተንትን በ1984፣ የቅጂ መብትን በ1990 አውጥታ በ2001 ወደ ዓለም ንግድ ድርጅት ገብታለች፤ መኮረጁም የበዛው በዚያው በፋብሪካዎቿ መስፋፋት ዘመን ነው። የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታትም እስከ 1891 ድረስ ለውጭ አገር ደራስያን የቅጂ መብት አልሰጡም፤ የእንግሊዝ ልብ ወለድ በኒው ዮርክ ያለ ክፍያ ሲታተም የኖረው ኮንፊሽየስ ተጠንቶ አይደለም። የፒያሳንም ካሴት በብራና ልማድ ብቻ መተርጐም ይኸንኑ ስሕተት መድገም ይሆናል። የብራናው ልማድ ኅሊናን አላስቸገረም እንጂ ገበያውን አልፈጠረውም፤ የፈጠሩት ርካሹ መቅረጫ፣ የአድማጩ ኪስ ማነስና የሕጉ ክፍተት ናቸው።

ስለ ሕጉ ክፍተት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ሕግ አልነበረም ሲባል ይሰማልና። በ1952 ዓ.ም. የታወጀውና ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከቍጥር 1647 ጀምሮ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ባለቤትነት በሰፊው ይደነግጋል። ደራሲው ሥራውን በመፍጠሩ ብቻ መብት እንደሚያገኝ ይገልጻል። በብዙ የአማርኛ መጻሕፍት መግቢያ ላይ የሚነበበው «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚለው ቃልም ባዶ ማስፈራሪያ አልነበረም። ጕድለቱ ሌላ ቦታ ነው። ሕጉ የሚያውቀው ደራሲውን ነው፤ የሌላውን ግጥምና ዜማ በድምፁ ሕይወት የሚሰጠውን ዘፋኝና ገንዘቡን አፍስሶ የሚያስቀርጸውን አሳታሚ በራሳቸው መብት አያውቃቸውም ነበር። እንግዲህ በፒያሳ የመጀመሪያዎቹ ተጎጂዎች ሁለቱ፣ በገበያው ብቻ ሳይሆን በሕጉም መጽሐፍ ውስጥ የሌሉ ሰዎች ነበሩ።

ይህ የተለወጠው ዘፋኞች፣ ደራስያንና አሳታሚዎች አቤቱታቸውን ደጋግመው ካሰሙ በኋላ ነው። በ1995 ዓ.ም. የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ በ1996 ዓ.ም. ደግሞ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410 ወጣ። አዋጁ ለደራሲው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ጥበቃ ሰጠ፤ ከሁሉ በላይ ዘፋኙንና የድምፅ አሳታሚውን በየስማቸው ባለመብት አደረገ። አስቦ መብቱን ለጣሰ ሰው የተደነገገው ቅጣት ከ5 እስከ 10 ዓመት የሚደርስ እስራት ነበር። ይህ ለአንድ የካሴት አዟሪ እጅግ የከበደ ነው፤ የሚከብድ ቅጣትም ዳኛን ያሳሳል። ካሴቱም በዚያው ጊዜ ገደማ ለሲዲ፣ ሲዲውም ለተንቀሳቃሽ ስልክ ቦታውን ለቀቀ። በፒያሳ ሱቆች ደንበኛው ባዶ ካሴት መያዙ ቀርቶ የስልኩን ማስታወሻ ካርድ ይዞ እየመጣ ዘፈን «ማስጫን» ጀመረ፤ ከውሃ የተወሰደው ግሥ በጭነት ግሥ ተተካ።

በ2007 ዓ.ም. የወጣው የማሻሻያ አዋጅ ቍጥር 872 ከቅጣት ይልቅ ወደ ክፍያ አዘነበለ። ባለመብቶች በጋራ ማኅበር ተደራጅተው፣ ዘፈናቸውን ለንግድ ከሚጠቀሙበት ዘንድ ድርሻቸውን እንዲሰበስቡ መንገድ ከፈተ። በዚህም ዘፋኙ በወኪሉ አማካይነት ከሬዲዮ ጣቢያውና ከሆቴሉ ደጃፍ የሚቆምበት መብት በጽሑፍ ተገኘ። ከፒያሳ አሮጌ ሱቆች ብዙዎቹ በ2016 ዓ.ም. በከተማይቱ የኮሪደር ልማት ሥራ ሲፈርሱ፣ በግድግዳቸው የተለጠፉት የካሴት ሽፋኖችም ኦርጅናሉና ግልባጩ ሳይለይ አብረው ወረዱ።